ከውርጭ ወደ ኋላ መቁጠር

ደብረ ብርሃን ሲነሳ ሰው ቀድሞ የሚያነሳው ብርድ ልብሱን ነው። የከተማው ስም ከብርድ ልብስ ፋብሪካው፣ የፋብሪካው ስም ከብርዱ ጋር ተጣብቆ ቀርቷል። በ15ኛው መቶ ዘመን ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ብርሃን ከሰማይ ወርዶ ታየበት በተባለው ስፍራ ቤተ ክርስቲያን አሠርተው መናገሻቸው ሲያደርጉት ስለ ብርዱ ምን ብለው እንደነበር እንጃ፤ በ2,840 ሜትር ከፍታ ላይ ተወልደን ያደግን ልጆች ግን ብዙ ብለናል። ገብሱ፣ ባቄላው፣ በጉ፣ ኩበቱ፣ ሁሉም የብርድ አገር ሀብት ነው። የወጥና የበርበሬ ቅጠል ሲባል ግን ሰው የሚያስበው ሞቅ ያለ ጓሮ ነው። እናቴ በሶብላውንም፣ ጤና አዳሙንም፣ ድንብላሉንም እዚያው ውርጭ መሀል ታበቅል ነበር። ሒሳቧ በደንብ የገባኝ እኔም በተራዬ ከእሷ ጓሮ በጣም በራቀና ብርዱ በባሰበት አገር ችግኝ ማፍላት ከጀመርኩ በኋላ ነው።

ጓሮአችን ሰፊ አልነበረም፤ ከማድ ቤቱ ጀርባ፣ በድንጋይ ካብና በባሕር ዛፍ አጥር መካከል የተረፈች ቁራጭ መሬት ናት። አፈሯ መረሬ ነው፤ ክረምት ሲገባ ውሃ ቋጥሮ እግር ይይዛል፣ በጋ ሲሆን ይሰነጣጠቃል። እናቴ አመድና ፍግ እየደባለቀች ከፍ ያለ መደብ ሠርታበት ነበር። ለእያንዳንዱ ቅጠል የራሱ ቦታ ነበረው። ጤና አዳሙ ከማድ ቤቱ ግድግዳ ውጭ፣ ልክ ምድጃው ባለበት አንጻር፤ ሮዝመሪው ከካቡ ሥር፣ ውሃ በማይተኛበት፤ ድንብላሉ ከለላ በሌለው ሜዳ ላይ፤ በሶብላው ደግሞ ታቻቸው በምስማር በተበሳ የኒዶ ወተት ጣሳዎች ውስጥ። ለምን አንድ ላይ እንደማታደርጋቸው ስንጠይቃት "ለሁሉም በአቅሙ ነው የሰጠሁት" ትለን ነበር።

በአቅሙ ስትል ሌሊቱን የመቻል አቅሙን ማለቷ ነበር። ቀኑን ቁብም አትሰጠው። ማታ የእራት ዕቃ ከተነሳ በኋላ ነጠላዋን አጣፍታ ወደ ደጅ ትወጣለች። ሰማዩ ደመና ካዘለ ዝም ብላ ትመለሳለች። ደመናው ተገፎ ኮከቡ ፍንትው ካለ፣ የባሕር ዛፉም ቅጠል ካልተንቀሳቀሰ ግን "ዛሬ ይወርዳል" ብላ እኛን ትጠራናለች። የሚወርደው አመዳይ ነው። አንዱ ጆንያ፣ አንዱ እንቅብ፣ አንዱ ያረጀ ሰፌድ ይዞ ይወጣል፤ የሚከደነው ይከደናል፣ ጣሳው እየተነሳ ወደ ማድ ቤት ይገባል። እኛ ልጆች ይህን የምናደርገው እያጉረመረምን ነው፤ እግራችን ባዶ፣ መሬቱ ከወዲሁ በረዶ።

ምክንያቱን ኋላ ትምህርት ቤት ተማርነው። ምድር ቀን ከፀሐይ ያገኘችውን ሙቀት ሌሊት ወደ ሰማይ ትለቃለች። ደመና ሲኖር ከፊሉ ወደ ታች ይመለሳል፤ ሰማዩ ከጠራ ግን ሄዶ ይቀራል። ነፋስ ካለ ላይ ያለው ሞቅ ያለ አየር ከታችኛው ጋር ይደባለቃል፤ ነፋሱ ከቆመ ቀዝቃዛው አየር ከብዶ ወደ ዝቅተኛው ቦታ ይወርድና እዚያ ይተኛል። በበሬሳ ወንዝ ዳር ያለ ባቄላ ጠቁሮ ሲያድር ትንሽ ከፍ ብሎ ተዳፋቱ ላይ የተዘራው አረንጓዴ እንደሆነ የሚነጋለት በዚህ ነው። ምድጃው ባለበት ግድግዳ ሥር የተተከለውም ጤና አዳም ከእሳቱ የተረፈው ሙቀት በድንጋዩ በኩል እየደረሰው ያድራል። እናቴ ይህን ከመጽሐፍ አላገኘችውም፤ ብዙ ጥቅምት ያየች ሴት ስለነበረች ታውቀዋለች።

ጥቅምት ያልኩት ያለ ነገር አይደለም። "በጥቅምት አንድ አጥንት" የሚባለው ሰው ብርዱን በሥጋ እንዲችለው ነው፤ ለቅጠል ደግሞ ፈተናው የሚጀምረው ያን ጊዜ ነው። ክረምቱ ይወጣል፣ ደመናው ይገፈፋል፣ አየሩ ይደርቃል፣ ከዚያ እስከ ጥር ድረስ ሌሊቱ አይታመንም። ቀን 20 ዲግሪ ደርሶ ሰው ኮቱን በትከሻው ጣል አድርጎ በሚሄድበት ከተማ ሌሊት ከዜሮ በታች ሊወርድ ይችላል። የቀኑን ሙቀት አይቶ የሚተክል ሰው የሚሸወደው እዚህ ላይ ነው።

ስለዚህ እናቴ የምትቆጥረው ከጥቅምት ወደ ኋላ ነበር። በሶብላ ከተዘራበት ጊዜ አንስቶ አብቦ፣ ራሱ ደርቆ ለበርበሬ እስኪደርስ በእኛ ብርድ አራት ወር ተኩል ግድም ይፈልጋል። ቆላ ቢሆን ባነሰ ጊዜ ይደርስ ነበር፤ ብርድ ያዘገየዋል። ውርጩ ጥቅምት አጋማሽ ላይ ይመጣል ብላ ትነሳና በጣቷ ትቆጥራለች፤ መስከረም፣ ጳጉሜን ሳትረሳ ነሐሴ፣ ሐምሌ፣ ሰኔ። እንዲህ አድርጋ ግንቦት መጨረሻ ላይ ትደርሳለች። ዘሩ በግንቦት መጨረሻ በጣሳ ይፈላል፤ ሰኔ ዝናቡ ሲረጋ የበረታው ችግኝ ይተርፋል፣ የቀጨጨው ይነቀላል። ጎረቤቶቻችን ሐምሌ ተጋምሶ ሲዘሩ ታያለች፤ አፏን ሞልታ ግን አትናገርም። ጥቅምት ሲመጣ የእነሱ ገና እምቡጥ ላይ ነው፣ የእሷ ተቆርጦ ጣራ ሥር ተንጠልጥሏል።

የበሶብላ ዘር አዘራሯ አሁንም ዓይኔ ላይ አለ። ዘሩ ጥቁርና ደቃቅ ነው። ውሃ ሲነካው በአፍታ ዙሪያውን ግራጫ ልጋግ ነገር ይለብሳል፤ ያ ልጋግ እርጥበቱን ይዞለት ነው የሚበቅለው። አትቀብረውም። አፈሩን ቀድማ ታርሰዋለች፣ ዘሩን በሦስት ጣት ቆንጥራ ትነሰንሳለች፣ ከላይ የተነፋ አፈር ዘሩን ለማልበስ ያህል ብቻ ታደርግበታለች። ከዚያ ጣሳው ከምድጃው አጠገብ ይቀመጣል። በቀዝቃዛ አፈር ከርሞ የሚበሰብሰው ዘር ምድጃ ዳር በሳምንት ውስጥ ሁለት ሁለት ቅጠል ያወጣል። ውርጭ ያገኘው በሶብላ ደግሞ ሲነጋ ያስታውቃል፤ ቅጠሉ መጀመሪያ ይረጥባል፣ ይላላል፣ ፀሐይ ሲያርፍበት ይጠቁራል። ከዚያ ወዲያ መድኃኒት የለውም።

ድንብላል ተቃራኒው ነው። ብርዱን ይወዳል፤ ቀላል አመዳይ ቢያርፍበትም ተቋቁሞ ያድራል። የሚጠላው መነቀልን ነው። ሥሩ ቀጥ ብሎ ወደ ታች ስለሚወርድ ሲያዛውሩት ይኮርፋል፣ ያለ ዕድሜው ያብባል። ስለዚህ እዚያው በሚያድርበት ቦታ ይዘራል። ክብ የምናየው ፍሬ በውስጡ ሁለት ዘር ነው ያለው፤ እናቴ ከመዝራቷ በፊት ሰፌድ ላይ አድርጋ በመዳፏ ቀስ ብላ ታሸዋለች፣ ለሁለት ሲከፈል ትዘራዋለች። ጊዜው መስከረም ነው፤ መሬቱ ክረምቱን የጠጣውን እርጥበት ገና ሳይለቅ።

ጤና አዳሙና ሮዝመሪው ዘር አይጠይቁም፤ ቅርንጫፍ ተቆርጦ በክረምት ይተከላል። ሁለቱም ቋሚ ናቸው፣ ዓመት አልፎ ዓመት ይኖራሉ። እነሱ ላይ የነበራት ሕግ አንድ ነው፤ ከነሐሴ በኋላ በመቀስ አይነኩም። ለቡና የሚሆን ጫፍ በጣት ይቀነጠባል እንጂ ቁጥቋጦው አይቆረጥም። የተቆረጠ ግንድ ለጋ ቅጠል ያወጣል፣ ለጋ ቅጠል ደግሞ የውርጭ የመጀመሪያ ጉርሻ ነው። ይህን ሕግ የማያውቁ ሰዎች ለእንቁጣጣሽ ጓሮ ሲያሳምሩ ከርክመው ጥቅምት ላይ ግንድ ብቻ ሲቀራቸው አይቻለሁ።

ኮሰረትን ግን ሞክራውም አታውቅም። "እሱ እኛ ጋ አይሆንም" ብላ ከገበያ ትገዛዋለች። ገበያችንን የሚያሞቀው ከጣርማ በር ማዶ ያለው አገር ነበር። መንገዱ ከደብረ ብርሃን ተነስቶ ከ3,000 ሜትር በላይ ይወጣል፣ በዋሻው አልፎ ደብረ ሲናን እያየ ቁልቁል ይወርዳል፤ 100 ኪሎ ሜትር ሳይሞላ ሸዋ ሮቢት ይደርሳል፣ ወደ 1,300 ሜትር ከፍታ። በየ1,000 ሜትሩ አየሩ 6 ዲግሪ ገደማ ስለሚለዋወጥ የአንድ ቀን መንገደኛ ጋቢ ደርቦ ተነስቶ ሸሚዙን ጠቅልሎ ይገባል። ከዚያ የሚመጣው በሶብላ ራሱ ረዥም፣ ሽታው ከሩቅ የሚጣራ ነበር። እናቴ አሽታ ታደንቀዋለች፣ ለበርበሬ የሚጎድላትንም ትገዛለች፤ ለሽሮ ግን የራሷን ነው የምታደርገው። የብርድ አገሩ ቅጠሉ ትንሽ ቢሆንም ለእሷ እሱ ይበልጥባት ነበር።

አንድ ቅጠል ብቻ ቆላ ወርዶ አያውቅም፤ ጦስኝ። እሱን ማንም ጓሮው አይተክለውም ነበር፤ ተራራው ያበቅለዋል። በመንዝ ጋራዎች፣ በጣርማ በር አካባቢ፣ ጓሳ ሜዳው ላይ በሣሩ መካከል ከመሬት ተለጥፎ ይገኛል፤ ሲረግጡት ነው ሽታው የሚነሳው። ሳይንሳዊ ስሙ ቲመስ ሺምፔሪ ይባላል። ስሙን ያገኘው ከጀርመናዊው የዕፅዋት ሊቅ ከቪልሄልም ሺምፐር ነው፤ ሰውየው በ1837 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ወደ አገራችን መጥተው ዕፅዋት ሲሰበስቡ ኖረው እዚሁ በ1878 አርፈዋል። ጦስኝ ብርዱን የሚችልበት መላ ቁመቱ ነው። ነፋሱ ከላዩ ያልፋል፣ ቅጠሉ ደቃቅና ጠጣር ስለሆነ ውሃ በቀላሉ አያጣም፣ ሥሩ ድንጋይ መሀል ገብቶ ይጨብጣል። ከመንዝ የሚመጡ ዘመዶቻችን በከረጢት ያመጡልን ነበር፤ ለሻይ ከተረፈ ለሽሮ ይገባል። ዛሬ ለገበያ ሲባል ከነሥሩ የሚነቅለው ሰው መብዛቱን ስሰማ ይከፋኛል። ጦስኝ ጫፉን በማጭድ ቢቆርጡት መልሶ ይለመልማል፤ ሥሩ የተነቀለ ግን ጋራው ላይ ባዶ ቦታ ትቶ ነው የሚሄደው።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ዕጣዬ አሜሪካ፣ ሚኒሶታ ሆነ። ሚኒያፖሊስና ሴንት ፖል ሁለት ከተሞች ሲሆኑ በመካከላቸው ሚሲሲፒ ወንዝ ያልፋል፤ ሐበሻው እንደ አንድ ከተማ ነው የሚኖርባቸው። ከደብረ ብርሃን ስለመጣሁ ብርድ የማውቅ መስሎኝ ነበር ማለት ወግ ነው፣ ሁሉም የሚለው ስለሆነ አልፈዋለሁ። በጃንዋሪ 2019 መጨረሻ የሚኒያፖሊስ ቴርሞሜትር ከዜሮ በታች 33 ዲግሪ ወርዶ ነበር። ሕንፃ ሲሠራ የመሠረቱ ጥልቀት ከ1 ሜትር በላይ እንዲሆን ሕጉ ያዛል፤ አፈሩ ራሱ ወደ ታች እየጠለቀ ስለሚረጋ ነው።

ልዩነቱ የዲግሪ ብቻ አይደለም። ደብረ ብርሃን ላይ ብርዱ ሌሊት ገብቶ ረፋድ ላይ ይወጣል፤ አንድ እንቅብ ያስጥላል። ሚኒሶታ ላይ ብርዱ ወራት ይቀመጣል፣ አፈሩንም ይዞ ነው የሚቀመጠው። ደብረ ብርሃን ከምድር ወገብ 10 ዲግሪ ያህል ቢርቅ ሚኒያፖሊስ 45 ዲግሪ ይርቃል። እናም እዚያ እንቅብ አይበቃም፤ የቀን መቁጠሪያ ያስፈልጋል። የሚገርመው፣ ሁለቱን ቀን መቁጠሪያዎች ጎን ለጎን ሳስቀምጣቸው የውርጩ መግቢያ ሊገጥም ምንም አልቀረው። ሚኒያፖሊስ ላይ የመጀመሪያው ውርጭ አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው በኦክቶበር መጀመሪያዎቹ ሳምንታት ነው፤ በእኛ መስከረም መጨረሻና ጥቅምት መግቢያ። ምክንያቱ ሌላ ነው፤ አንዱ ጋ ደመናው ስለተገፈፈ፣ ሌላው ጋ ፀሐይዋ ወደ ደቡብ ስለሄደች። ለበሶብላው ግን ያው ጥቅምት ነው።

አሜሪካኖች ለዚህ ነገር ካርታ አላቸው። የግብርና ሚኒስቴራቸው አገሩን በክረምቱ የብርድ ጫፍ እየከፋፈለ ቁጥር ሰጥቶታል፤ ዞን ይሉታል። ካርታው በ2023 ሲታደስ ሚኒያፖሊስ ከ4ቢ ወደ 5ኤ ከፍ ብላለች። 5ኤ ማለት በአማካይ የዓመቱ እጅግ ቀዝቃዛ ሌሊት ከዜሮ በታች ከ26 እስከ 29 ዲግሪ የሚደርስበት ቦታ ነው። ችግኝ ሲገዙ ማሰሮው ላይ ባለው ወረቀት የዞን ቁጥር ተጽፎ ይገኛል። የተጻፈው 4 ወይም 5 ከሆነ ተክሉ ደጅ ይከርማል፤ 8 ከሆነ ከእርስዎ ጋር ሳሎን መክረም አለበት። እናቴ "በአቅሙ" የምትለውን እነሱ በቁጥር ጽፈው ለጠፉት።

በሶብላ ዞንም የለው፤ ክረምት የሚባል ነገር አያልፍም። ሌሊቱ ከ10 ዲግሪ በታች ከሆነ ባይሞትም እድገቱ ይቆማል፣ ቅጠሉ ይነጣል። ስለዚህ ዘሩን ቤት ውስጥ በሚያዝያ መግቢያ፣ በእነሱ ኤፕሪል ሁለተኛ ሳምንት፣ ማፍላት ነው። መስኮት ዳር ያለው ብርሃን ስለማይበቃ ከላይ መብራት ይንጠለጠልለታል፤ ያለዚያ ችግኙ ቀጥኖ ይረዝምና ይወድቃል። ወደ ደጅ የሚወጣው ሜሞሪያል ዴይ ግድም ነው፤ የሜይ የመጨረሻው ሰኞ፣ በእኛ ከግንቦት 17 እስከ 23 ባለው ጊዜ ውስጥ። የግንቦት ልደታ ዕለት ፀሐይዋ ሞቅ ትልና ሰው ሁሉ አካፋ ይዞ ይወጣል። ያን ሳምንት የተተከለ በሶብላ በአንድ ጥርት ያለ ሌሊት ሲሄድ በየዓመቱ የማየው ነገር ነው፤ የቸኮለ አፍሶ ለቀመ።

ችግኙ ከመተከሉ በፊት መለማመድ አለበት። ቤት ውስጥ ያደገ ቅጠል ነፋስም ፀሐይም አያውቅም። በመጀመሪያው ቀን ጥላ ሥር ለጥቂት ሰዓት ይወጣል፣ ማታ ይገባል፤ በየቀኑ ሰዓቱ እየጨመረ፣ ከሳምንት ከዐሥር ቀን በኋላ ደጅ ያድራል። የኒዶ ጣሳውን ማታ ማታ ስናስገባ የነበርን ልጆች ለዚህ ሥራ አዲስ አይደለንም።

እዚህ ላይ የአሜሪካኑ መጽሐፍና የእኛ ማድ ቤት የሚለያዩበት ነገር አለ። እነሱ በሶብላን የሚፈልጉት ለለጋ ቅጠሉ ነው፤ አበባ ሲያወጣ ቀንጥሰው ይጥሉታል። ድንብላልም ሲያብብ "አለቀለት" ብለው ይነቅሉታል። እኛ ደግሞ የምንጠብቀው አበባውንና ዘሩን ነው። የበሶብላው ራስ ነው በርበሬ ውስጥ የሚገባው፤ የድንብላሉ ፍሬ ነው የሚታመሰው። ስለዚህ የእነሱ የዘር ፓኬት ላይ "በ60 ቀን ይደርሳል" የሚለውን አምኖ ዘግይቶ የዘራ ሐበሻ ቅጠል ይበላል እንጂ በርበሬ አያጣፍጥም። ለእኛ ከውርጭ ወደ ኋላ የሚቆጠረው ቀን የግድ ከእነሱ የረዘመ ነው። በዚያ ላይ ጥሩ ዜና አለ፤ በሰኔ ሚኒያፖሊስ ላይ የቀኑ ብርሃን ከ15 ሰዓት ተኩል ያልፋል። ደብረ ብርሃን በዚያው ወር 13 ሰዓት እንኳ አይሞላትም። በጋው ቢያጥርም ቀኑ ይረዝማል፣ በሶብላው የተሰጠውን ጊዜ አንድም ሳያባክን ይጠቀምበታል።

ድንብላሉ እዚህም እንደ አገሩ ጠባዩን አልተወም። መሬቱ ከበረዶ ተላቆ ሲቆፈር፣ ሚያዝያ አጋማሽ ላይ፣ ደጅ በቀጥታ ይዘራል፤ ከዚያ በኋላ የሚመጣ ቀላል ውርጭ አይበግረውም። የጁላይ ሙቀት ሲመጣ ይሽቀዳደምና ያብባል፤ ለፍሬ ለሚፈልገው ሰው ደስታ ነው። ቅጠሉን ለሚፈልግ ደግሞ ነሐሴ መግቢያ ላይ እንደገና መዝራት ነው፤ የመስከረሙ ቅዝቃዜ ቅጠሉን ያበረክተዋል።

ጤና አዳም ላይ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። አገራችን ያለው ሩታ ቻሌፐንሲስ የሚባለው ዝርያ ነው፤ የሚኒሶታን ክረምት ደጅ አይችልም። በአሜሪካ የችግኝ መሸጫዎች ብዙ ጊዜ የሚገኘው ወንድሙ ሩታ ግራቬኦለንስ ነው፤ እሱ ውሃ በማይተኛበት ቦታ ከተተከለና ገለባ ከተደረገለት ብዙውን ጊዜ ከርሞ በጸደይ ያቆጠቁጣል። ሽታው ትንሽ ይለያል፤ ቡና ላይ ግን ሥራውን ይሠራል። ሲቆርጡት በጓንት ይሁን። የጤና አዳም ፈሳሽ ቆዳ ላይ እያለ ፀሐይ ካረፈበት እሳት እንደነካው ይልጣል፤ በረዥሙ የበጋ ፀሐይ ደግሞ ይብሳል።

ሮዝመሪ አዲስ አበባ ላይ አጥር ይሆናል፣ ሚኒሶታ ላይ እንግዳ ነው። ከማሰሮው ሳይወጣ ይኖራል፤ መስከረም አጋማሽ ላይ ወደ ቤት ይገባል። ቤት ውስጥ የሚገድለው ብርዱ ሳይሆን የማሞቂያው ደረቅ አየርና የውሃ መዛባት ነው። ከማሞቂያው ርቆ፣ ብርሃን ባለበት ቀዝቀዝ ያለ መስኮት ዳር ቢቀመጥ ለፋሲካ ጥብስ ይደርሳል።

ጦስኝስ? የመንዙን እዚህ አላገኘሁም። የአውሮፓው ዘመዱ ግን በየችግኝ መሸጫው አለ፣ ደጅም ይከርማል። ዘሩ እንደ አቧራ ስለሆነ ከዘር ይልቅ ከቆየ ቁጥቋጦ ገንጥሎ መትከል ይቀላል። በሚኒሶታ ክረምት እሱን የሚያድነው ሰዎች የሚያማርሩበት ያ ነጭ ክምር ነው፤ በረዶ ለጦስኝ ጋቢ ነው። ላዩ ከዜሮ በታች 25 ሲሆን ሥር ያለው አፈር ከዚያ እጅግ ይሞቃል። የሚፈራው በረዶ ሳይጥል ብርዱ የጠነከረበት ዓመት ነው፤ ያን ጊዜ መሬቱ ከረጋ በኋላ የጥድ ቅርንጫፍ ወይም ገለባ ይደረግለታል። ከብርዱ ይልቅ ጸደይ ላይ በረዶው ሲቀልጥ ሥሩ ውሃ ውስጥ መቀመጡ ይገድለዋል። ስለዚህ መደቡ ከፍ ይበል፣ አፈሩ አሸዋ ይቀላቀልበት። እናቴ መረሬ ላይ የሠራችው መደብ እዚህም ያው መደብ ነው።

ይህን ሁሉ ብቻዬን አልተማርኩትም። የሴንት ፖል የገበሬዎች ገበያ ላይ ከሚሸጡት ብዙዎቹ የሕሞንግ ሰዎች ናቸው፤ ከላኦስ ተራሮች በጦርነት ተፈናቅለው የመጡና ልጆቻቸው። እነሱም የሞቃት አገር ቅጠላቸውን በብርድ አገር ማብቀል ነበረባቸው። አንዲት አሮጊት ሻጭ ጋ ችግኝ ስመርጥ መዳፏን ወደ ማሰሮው አፈር አስጠግታ፣ ቀጥሎ ወደ ሰማይ አሳይታ፣ ራሷን ነቀነቀች፤ ገና ነው ማለቷ ነበር። ሊሸጥ የወጣ ዕቃ ይዛ አትግዢኝ የምትል ሻጭ ሳይ እናቴን ያየሁ መሰለኝ። የምንግባባበት ቋንቋ አልነበረንም፣ አላስፈለገንምም።

እናቴ ስልክ ስደውልላት ስለ ሥራም ስለ ጤናም ጠይቃ ሲያበቃ ጓሮው ላይ ትደርሳለች። "ዛሬ ሞቆልን ነበር" ካልኳት "ቀኑን ተይው ልጄ፣ ሌሊቱ እንዴት ነው?" ትለኛለች። እኔም ቁጥሩን እነግራታለሁ፤ ስለ ዲግሪ ግድ ባይኖራትም "ከደመና ጋር ነው ወይስ ጠርቷል?" ብላ ትጠይቃለች። ጥያቄዋ ሳይንሱ ከሚጠይቀው አይለይም።

አዝመራውም የሚሰበሰበው ሌሊቱን አይቶ ነው። በሴፕቴምበር ሌሊቱ ወደ 5 ዲግሪ መውረድ ሲጀምር የበሶብላው ራስ ከነግንዱ ይቆረጣል፤ የመጀመሪያውን ውርጭ ቆሞ የሚጠብቅ ሰው አንድ ሌሊት ሙሉ በጋውን ይወስድበታል። ጠዋት ጤዛው ከደረቀ በኋላ፣ ፀሐይ ሳትበረታ ቢቆረጥ ሽታው ይጠነክራል። ተንጠልጥሎ የሚደርቀው በጥላ ነው፤ ፀሐይ ዘይቱን ታተነዋለች። የሚኒሶታ ቤት ማሞቂያው ከተለኮሰ በኋላ አየሩ ስለሚደርቅ ለዚህ ሥራ ከደብረ ብርሃን ጣራ ሥር ሳይሻል አይቀርም። ነጭ ሽንኩርቱ ደግሞ በዚያው ሰሞን ይቀበራል፤ ለእሱ ክረምቱ ጠላት ሳይሆን የግድ የሚያስፈልገው እንቅልፍ ነው፣ ጁላይ ላይ ይነቀላል።

በብርድ አገር ለምትኖሩ፣ ደብረ ብርሃንም ሆነ ሚኒያፖሊስ፣ ስቶክሆልምም ሆነ ቶሮንቶ፣ የምለው ይህን ነው። መጀመሪያ የሰፈራችሁን የመጀመሪያ ውርጭ ቀን እወቁ፤ ከእሱ ወደ ኋላ ቁጠሩ። ድንብላሉን ቀደም አድርጉት፣ በሶብላውን ሌሊቱ 10 ዲግሪ ሳያልፍ አታውጡት፣ ሮዝመሪውን ከብርዱ በፊት አስገቡት፣ ጦስኙን በረዶው ያልብሰው። የመንዙን ጦስኝ ለምትለቅሙ ደግሞ ሥሩን ተዉለት። ዘር ከአገር ቤት ሲላክላችሁ ላኪዋን መቼ እንደምትዘራው ጠይቋት፤ የምትነግራችሁን ወር ሳይሆን ምክንያቱን ያዙ። ወሩ በየአገሩ ይለያያል፣ ምክንያቱ ግን አንድ ነው።